ዘካሪያ መንገድ ሲመራ

ሽምግልና መሄድ ከጀመርሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ እንደ ዘካሪያ ያለ አግቢ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሐርቡ ያለችውን ሰልዋን ይወዳል፤ ያለ እሷ እህል አይወርድለትም። የተዋወቁት ደሴ ስትማር ነው፤ ቤቷን አያውቅም። አባቷ ሀምዱ ደግሞ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። "ልጁ ያለ ስልክ ሐርቡ ድረስ መርቶ ያምጣችሁ። መሄጃውን ለማያውቅ ልጄን አልድርም" ብለው ላኩብን። እንዳንጠቁመውም አስማሉን። ስልኩ እኔ ኪስ ገባ።

ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። የእንግሊዝን የኳስ ሜዳዎች በየሰፈራቸው ይዘረዝርላችኋል። ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወዲህ ትሁን ወዲያ ግን አያውቅም። ኮምቦልቻ ራሷ ቁልቁል መሆኗን እኮ ደሴ ላይ ያመለጠች ኳስ እንኳ ታውቀዋለች!

መኪናዋን አስነሳና በኩራት በተቃራኒው ወደ ገራዶ ነዳት። አብረውኝ ከተላኩት ሽማግሌዎች ሼህ በሺር "አስተግፊሩላህ!" አሉ፤ አቶ ጸጋው አማተቡ። መሐላ ነውና ጭጭ አልን። እኔማ ንዴት ሊገድለኝ ነበር።

ገራዶ ገብተን "ደርሰናል" አለና ደስ ያለውን በር አንኳኳ። ወይዘሮ ዘይቱና የሚባሉ ሴት ከፈቱልን። ሽማግሌ ደጅ ከረገጠ ሳይጠይቅ መመለሱ ነውር ነው፤ ስለዚህ ቆመን "ልጅዎን ለልጃችን" አልን።

"የትኛዋን? አራት አሉኝ።"

"ሰልዋን!" አለ ዘካሪያ።

"ሰልዋ የምትባል የለችኝም። ግን አብሽር፣ ካሉት ምረጥ።"

ይሄኔ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሰልዋ ናት። ልጁ ቢያሳዝነኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠሁት።

"የት ነህ? አባባ ደጅ ደጁን እያዩ ነው!"

"ወላሂ ሐርቡ ነኝ!"

"ኧረ ገራዶ ነህ" አሉት ወይዘሮ ዘይቱና።

ሰልዋ አልተቆጣችም፤ እውነት ትወደዋለች። ከዚያ አባቷ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አብሽር፣ ገና አልመሸም" አለችው። "ጀርባህን ለቂብላ ሰጥተህ ዝም ብለህ ንዳ። እኔ ጋ ትደርሳለህ።"

ዘካሪያ ግራ ቀኝ አየ። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ዞሮ የሚሰግድ ልጅ ነው።

"እሺ ሰልዋዬ" አላት፤ "አንዴ ስልኩን ልዝጋውና ቂብላ ወዴት እንደሆነ እሱ ላይ ልይ።"

"ተወው" አለችው። "እኔው እዘጋዋለሁ።"