አስተርጓሚው ካሚል

ካሚል ሸዋሮቢት ገበያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ከእኔና ከእህቴ በቀር እዚህ ከተማ አርጎብኛ የሚያውቅ ማን አለ!» እያለ ሲጎርር ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ግን ምን ያውቃል? ከእህቱ ከራሕማ ጋር ማሾ ሲነግዱ፣ ገዢ እንዳይሰማቸው ዋጋ የሚመካከሩት በአርጎብኛ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ በአማርኛ። የራሕማ ልጅ ኑርሃን ትንሽ ሳለች አስተምሩኝ ስትል «ሁሉም ካወቀው ምኑን ሚስጥር ሆነ!» ብሎ አባረራት። እንዲህ እንዲህ እያለ አፉ ላይ የገበያው ቃል ብቻ ቀረ፤ ሌላው የት እንደገባ እንጃለት።

ባለፈው ዓመት ከረመዳን በኋላ ራሕማን ስትሮክ መታትና ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አማርኛ ትሰማለች፤ «እማ፣ እጅሽን አንሺ» ሲሏት ታነሳለች። ከአፏ የሚወጣው ግን አርጎብኛ ብቻ ሆነ፣ ያውም የልጅነቷ፣ የተወለዱበት የተራራ መንደር አርጎብኛ። ሐኪሙም «ቤቷ ውሰዷት» አለ።

ኑርሃን እየሮጠች አጎቷ ዘንድ መጣች።

«አጎቴ፣ ድረሱልኝ! ከትናንት ጀምሮ እኔን እያየች አንድ ነገር ትላለች። ኑዛዜ ነው መሰለኝ። አንቱ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!»

ካሚል ደረቱን ነፍቶ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ራሕማ ስታየው ፊቷ በራ፤ በደህናው እጇ እጁን ጨብጣ ቀስ እያለች ተናገረች፣ ረጅም ነገር። ጆሮውን አስጠጋ። የኑርሃንን ስም ለየ፤ የቀረው ሁሉ አለፈው። «እስቲ ድገሚልኝ» አላት፤ ደገመችለት። ያ አላህ! አሁንም አልገባውም። ላብ አጠመቀው።

«ምን አለች?» አለች ኑርሃን።

አልገባኝም ቢል ምን ነበረበት? ግን ሰዉ ሁሉ አፉን እያየ ነው።

«መረቀችሽ» አለ። «ዘርሽ ይብዛ፣ ክፉ አይንካሽ፣ በሁሉም አውፍ ብዬሻለሁ፣ ምንም አልያዝኩብሽም ነው የምትለው።»

ጎረቤቱ «አሚን» አለ። ኑርሃን እየተንሰቀሰቀች ጎንበስ ብላ የእናቷን እግር ሳመች።

ራሕማ ግን ሰማች። አማርኛ መስማት መቼ አቃታት! ካሚልን አየችው፤ መጀመሪያ ግራ ተጋብታ፣ ኋላ ነገሩ ገብቷት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ኑርሃን እንዳጎነበሰች ነበረችና አላየችም፣ የጎረቤቱም ዓይን ኑርሃን ላይ ነበር፤ ያየው እሱ ብቻ ነው። አሁንም ጊዜ ነበረው፤ ተሳስቻለሁ ማለት ይችል ነበር። ራሕማም እጇን ከእጁ አውጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ ጁምዓ በሕይወት ቆየች፤ ዳግመኛ ግን ምንም አልተናገረችም።