ፀጉረ ልውጡ ማን ነው?

«ሁለት በር፣ አንድ ቁልፍ! ምኑ ነው ሳምንት የሚፈጀው?» አሉ ባለሱቁ፣ ከኮምፒውተር ባለሙያዋ ጀርባ ቆመው ወደ ስክሪኑ እያሰገጉ።

ሱቁ የስፌት ዕቃ ይሸጣል፤ ድረ ገጽ አለው፣ ደንበኞች የሚወያዩበት መድረክም አለው። እስካሁን የይለፍ ቃሉ ለየብቻ ነበር። አሁን የምትሠራው ሲያልቅ፣ ድረ ገጹ ላይ አንዴ የገባ ሰው መድረኩም ይከፈትለታል። ደግ ነገር ነው። ግን ጋሼ ለደንበኛ ምቾት መጨነቅ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው? የመጸዳጃ ቤቱ በር እንኳ እጀታ ካጣ ዓመቱ።

«በዚያው መድረኩ ላይ ሙሉ ስማቸው ይታይ» አሉ፣ እንደ ዋዛ ጣል አድርገው።

ይኸው ወጣ! መድረኩ ላይ «ፀጉረ ልውጥ» የሚባል ሰው አለ። «የዚህ ሱቅ ዚፕ እንደ ሐሜተኛ አፍ ሳይነኩት ይከፈታል» ብሎ ከጻፈ ወዲህ ጋሼ ሠራተኛውን ሁሉ በጎሪጥ ነው የሚያዩት። ከሠራተኞቹ አንዱ ከሆነ በዚያው ቀን ይሰናበታል ብለዋል።

ደንበኛ ጠርቷቸው ሲሄዱ የአዲሱን ፕሮግራም ሙከራ አስነሳች። ፕሮግራሙ የድረ ገጹንና የመድረኩን የስም ዝርዝር በኢሜይል አድራሻ ያጣምራል። ከ«ፀጉረ ልውጥ» ጎን የታላቅ እህቷ ስም ወጣ። ስክሪኑን ቆልፋ እህቷ ወደምትሠራበት ሒሳብ መቀበያ ሄደች።

«ፀጉረ ልውጥ አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ፀጉሬን ከተሠራሁ ወር አለፈኝ፤ ምኑ ተለወጠ?»

«እትዬ፣ የወጣው ያንቺ ኢሜይል ነው።»

እህቷ የተመለሰ ዚፕ የሞላበትን ካርቶን በእግሯ ገፋች። «እዚህ ተቀምጬ የምሰደበው እኔ ነኝ። ለጋሼ ስነግራቸው ‹ደንበኛው ወፍሮ ነው› አሉኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ትናገሪያለሽ?» አለች።

«እናገራለሁ አልኩ?»

«አልናገርምም አላልሽም።»

ስትመለስ ጋሼ ወንበሯ ላይ ተቀምጠዋል።

«ማን ማን ወጣ?»

«ስም ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?»

«ሱቁ የኔ አይደል?»

«ሱቁ የእርስዎ ነው፤ ስሙ የሰዎቹ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዛሬ አንዱን ካወጣሁ ነገ ማን ያምነናል?»

«አሃ! ለካ አውቀሻል» ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ።

ወንበሩን እስኪለቁላት ቆማ ጠበቀች። ተቀምጣ የሙከራውን ዝርዝር ሰረዘች። ከዚያ፣ እሳቸው እያዩ፣ ወደ መድረኩ ከሚያልፈው መረጃ «ሙሉ ስም» የሚለውን አጥፍታ፣ «ቅጽል ስም» የሚለውን ብቻ ትታ፣ «አስቀምጥ»ን ተጫነች።