«ቀረ» ብላለች

ባሕር ያየ ወጣት ይመለሳል ብሎ ዋስ የሚሆን ማን ነው? በዚያ ዘመን፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ በዓመቱ፣ እንዲህ ያለ ፊርማ የሚፈርም ወይ ቂል ነው ወይ ጎረቤት። ባለሱቁ ዓደን ጎረቤት ነበር። የምድር ባቡሩ ገብረወልድ መጥቶ ሚስቱ አስካለማርያም ጅቡቲ እህቷ ዘንድ ልትሄድ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ለጉልበቷ ባሕር ይሻላታል እንዳለ፣ ልጃቸው በቀለ እየደገፈ እንደሚወስዳት፣ ቀበሌው ግን ልጁ ቢቀር የሚታሰርለት፣ ሱቅ ያለው ዋስ ካልመጣ ፈቃድ አልሰጥም፣ ወይ ፍንክች እንዳለ ሲነግረው፣ ዓደን ስኳር የነካ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሊፈርም ተነሣ። መቼ ነው የሚመለሱት ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

የጉልበቱ ሕመም እውነት ነው። ምድር ባቡር ለሠራተኛው ቤተሰብ የሚሰጠው የነፃ ቲኬትም እውነት ነው። ውሸቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ባልና ሚስት በቀለን እዚያው አክስቱ ዘንድ ሊያስቀሩት ተማክረዋል። ልጁ ራሱ አያውቅም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ቤት ከዋለ ወዲህ የቀበሌ ሰዎች ዕድሜውን ይጠይቁ ጀምረዋል። ከሰፈሩ ለውትድርና የሄዱት ልጆች ደግሞ ወሬያቸው እንኳ አልተመለሰም። ታዲያ አባት ምን ያድርግ? ለዓደን ቢነግረው ነገሩ ይወጣል ብሎ ፈራ። ለራሱም እንዲህ ሲል መከረ፤ የልጁን መቅረት እንደሰማሁ ቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ዓደን ድንበሩ ማዶ ዘመድ ሞልቶታል፣ ዘወር ይልና ነገር ሲበርድ ይመለሳል። ሰው ራሱን ሲያታልል ምላሱ አይታክትም።

የባሕሩን ወሬ የምታመጣለት ሀሊሞ ነበረች፣ በባቡሩ እየተመላለሰች ጨርቅና ሽቶ የምታሻግረው። አስካለ ቀሚሷን ሰብስባ ለብ ያለው ውሃ ውስጥ ትቀመጣለች አለችው። ጉልበቷ ለቀቅ ብሏል፣ ያለ ምርኩዝ ገበያ ወጥታለች። በቀለማ ዋና ለምዶ ከባሕሩ አልወጣ ብሏል። ሲወጣ ቅንድቡ ላይ ጨው ይነጣል፣ ከአክስቱ ልጆች ጋር ዓሣ ጠብሶ ሲበላ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። ገብረወልድ ልጁ ሲስቅ ከሰማ ስንት ጊዜው! ደስ አለው።

ፈቃዳቸው እየተሟጠጠ ሄደ። እነሱ የመጨረሻዎቹን ቀኖች ባሕሩን ይጠግባሉ፣ እሱ ድሬዳዋ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ይገላበጣል። ስልክ እንዳይደውል መስመሩ ጆሮ አለው። አስካለ ነገሩን ለልጁ የምትነግረው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሆነውን ደግሞ በሀሊሞ አንድ ቃል ትልካለች፣ ስምምነታቸው ይኸው ነበር። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ በዓደን ሱቅ በኩል ያልፋል፤ ዓደን ይጠራውና ደኅንነታቸውን ይጠይቀዋል፣ ለአስካለ ብሎ ያስቀመጠውን ቴምር ያሳየዋል። ገብረወልድ አንገቱን ደፍቶ ያመሰግናል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይል ነበር።

ሀሊሞ የምትመጣበት ባቡር ሲገባ ድሬዳዋ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ጠበቃት። ምን ያደርጋል፣ የዚያን ዕለት ኮንትሮባንድ የሚይዙት ፊናንሶች ቀድመውታል። ሀሊሞን ከነጓዟ መኪና ላይ ጭነዋታል። ገብረወልድን ስታየው ከጠባቂው ትከሻ በላይ ብቅ አለችና፣ «ገብረወልድ! ቀረ! አስካለ ቀረ ብላለች!» ብላ ጮኸች። መኪናው ተነሣና በአቧራ ተሸፈነ።

ቀረ። ገብረወልድ ከዕቃ ማከማቻው ጀርባ ሄዶ፣ ግንቡን ተደግፎ እንደ ሴት አለቀሰ። ልጁ ተረፈ። የሚስቀው ልጁ፣ ቅንድቡ ላይ ጨው የነጣው ልጁ፣ ማንም አይነካውም። እንባውን ሳይጠርግ ዓደን ትዝ አለው። ውሎ ቢያድር አንደበቱ እንደሚታሰር ስላወቀ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሁሉንም ነገረው። ዓደን እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ የሚዛኑን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰ።

«የእኔም ልጅ ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር» አለ። «ብትነግረኝም እፈርምልህ ነበር። የከፋኝ አለመንገርህ ነው፣ አቦ።»

ገብረወልድ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ዓደን ያዘውና አልፈቀደለትም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሚስቱን ፋዱማንና ልጆቹን ይዞ፣ በመልካ ጀብዱ በኩል በሚያልፍ የጭነት መኪና ወደ ድንበሩ ማዶ ሄደ። ረፋዱ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጥበቃዎቹ ጋር መጥቶ የተዘጋውን ሱቅ አየ፣ ዓደን ከነቤተሰቡ መኮብለሉን ከጎረቤት ሰማ፣ በሩንም አሸገው። ያለ ፈቃድ ድንበር የጣሰው ዓደን ከእንግዲህ ቢመለስ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው።

የአስካለ ባቡር ከሰዓት በኋላ ገባ። ሊቀመንበሩም እዚያው ቆሞ ነበር። ገብረወልድ ሚስቱ ብቻዋን ስትወርድ የሚያለቅሰውን የውሸት ለቅሶ ሲያሰላ፣ መጀመሪያ በቀለ ወረደ። ጠቁሯል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ዞሮ እናቱን እጇን ይዞ አወረዳት።

ገብረወልድ ልጁን ማቀፍ አልቻለም፣ እጆቹ ተንጠልጥለው ቀሩ። አስካለ ፊቱን አይታ ደነገጠች።

«ሀሊሞ አልነገረችህም እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «ያ ነገር ቀረ፣ ልጁ እምቢ አለ፤ ‹ቀረ በይው› ብያት ነበር እኮ።»

«ነግራኛለች» አለ ገብረወልድ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይኸኛው ደግሞ የጆሮ ነበር። በቀለ አባቱን አቅፎ ሳመው። ከልብሱ የባሕር ሽታ ገና አልለቀቀም። ከእናቱ ጋር አንድ ሌሊት ሙሉ ሲጨቃጨቁ እንዳደሩ፣ ዓደንን እስር ቤት ከትቶ እዚያ መዋኘት እንደማይሆንለት በጆሮው ነገረው። «ጋሼ ዓደንስ የት አለ?» አለ ከዚያ ቀና ብሎ። «አይቀበለንም?»

ሊቀመንበሩ ቀረበ። በቀለን እንኳን ደኅና ገባህ ብሎ ጨበጠው፣ በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ብቅ እንዲል ነገረው፣ ለውትድርናው እንደሆነም አልደበቀውም። ከዚያ ወደ ገብረወልድ ዞረ።

«ልጅህ ይኸው መጥቷል» አለ። «ዋሱ ታዲያ ምን አስፈራው?»

በቀለ የአባቱን ፊት ያይ ጀመር።