ቁጭ ብለሽ ነው?

ወደ ቡታጅራ የሚታጠፉትን መኪኖች ማየት ኤልቃናን ያመዋል፤ ቢሆንም አለም ገና መገንጠያው ላይ በደረሰ ቁጥር ይቆማል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ይብስበታል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሆሳዕና፣ አረካ፣ ሶዶ» እያለ ሲጣራ፣ እሱ «አረካ» የምትለዋን ብቻ ይሰማል። ከአረካ ወርዶ፣ ቀዩን አፈር እየረገጠ ሄዶ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን የእናቱን በር እስኪያንኳኳ ድረስ በልቡ ይጓዛል። መኪናው ሲሄድ ራሱን እዚያው አቧራ ላይ ቆሞ ያገኘዋል፤ የመመረቂያ ልብሱን ለብሶ፣ የትምህርት ማስረጃውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ።

የከለከለው ሰው የለም። የከለከለው ባዶ እጁ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የሄደ ሁሉ የሚመለስበት በዓል ነው። ጫማ ጠራጊው ለእናቱ ነጠላ ይዞ ይገባል፤ ድንጋይ ፈላጩ ለአባቱ ኮት ይዞ ይገባል። በማርኬቲንግ የተመረቀው ኤልቃና ምን ይዞ ይግባ? ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ የሰፈሩ ምእመናን ጸልየው፣ እስከ ዋናው መንገድ እየዘመሩ የሸኙት ልጅ ነው። በዝማሬ የሸኘው ሰፈር በዝምታ ሲቀበለው ማየት አልፈለገም። ስለዚህ ከተመረቀ ወዲህ አንድም ጊፋታ አልሄደም። እናቱ በስልክ «ዘንድሮስ?» ማለት ስታበዛ፣ መደወሉንም ተወው።

እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ የምትደውለው ታላቅ እህቱ ደስታነሽ ናት። ሰበታ ክር ፋብሪካ ውስጥ ቆማ እየሠራች ያስተማረችው፣ አሁንም ኦቦ ኩምሳ ግቢ በተከራየችው አንድ ክፍል የምታኖረው እሷ ናት። «ኤልቃና ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። እሷም እሱ ከተመረቀ ወዲህ ቤት አልሄደችም፤ ወንድምሽስ ብለው ሲጠይቋት ዓይናቸውን ማየት ስለማትችል።

ሥራ መፈለግ ሥራ ከሆነ አልዋሸችም። ማስታወቂያው ሁሉ ከላይ «ለጀማሪ የሽያጭ ሠራተኛ» ይላል፤ ከሥሩ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። ጀማሪ ልምድ ከየት ያመጣል ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ግን እሱም በዚሁ በር ተንገላቶ የገባ ነው፤ የኋለኛው ሲንገላታ ማየት የራሱ ካሳ ይመስለዋል። ሰበታ ላይ አንድ ባንክ ጠርቶት የተማረውን እንኳ አልጠየቁትም። ገንዘብ ያለው ዘመድ ካለው አምጥቶ እነሱ ጋ እንዲያስቀምጥ፣ ስለ ቅጥሩ ከዚያ በኋላ እንደሚነጋገሩ ነገሩት። ሀብታም ዘመድ ያለው ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ምን ይሠራል? ቡራዩ ደግሞ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ፣ ጠያቂዋ ስልኳን እየነካካች ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱን የት እንደሚያየው ጠየቀችው። ኤልቃና እውነቱን ተናገረ።

«አረካ» አላት።

ሳቁበት። ለሽያጭ የሚሆን ትልቅ ምኞት የለውም ተብሎ ተመለሰ። የእናቱን ቤት መናፈቅ ከመቼ ወዲህ ነው ትንሽ ምኞት የሆነው?

ከዚያ ሱሉልታ ላይ ቅርንጫፍ የከፈተ አንድ የሕይወት መድን ኩባንያ ጠራው። የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። ላለፉት እጩዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ አቶ የሺጥላ የሚባል፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው፣ መድን እንዴት እንደሚሸጥ ሲያስተምራቸው ዋለ። ደንበኛ ቆሞ አይገዛም፣ አስቀምጡት አለ። ብቻውንም አይወስንም፤ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት አጠገቡ ይሁን። ወደ ጉዳዩ ዘላችሁ አትግቡ፤ የሰው ልጅ ነገ የሚሆነውን እንደማያውቅ ነግራችሁ ልቡን አለስልሱት፤ ሲለሰልስ የሚወደውን ሰው በስሙ ጥሩለት። ይህን ትምህርት ከየት እንደገለበጠው እግዜር ይወቅ። ከዚህ አገር ሰው እንዳልተማረው ግን የታወቀ ነው።

ኤልቃና በቃሉ ያዘው። ማታ ደስታነሽን ደንበኛ አድርጎ ተለማመደባት።

«በመጀመሪያ ይቀመጡ» አላት።

«ተኝቻለሁ እኮ» አለችው፣ ፍራሹ ላይ እንደተዘረረች።

በአማርኛ ሲለው ቃሉ ሁሉ የቢሮ ቃል ነበር፤ ኮት የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ ቃል። ለሁለቱም ምንም አልታያቸውም። ደስታነሽ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል፣ ይህን ካለፈ ፈቃድ ጠይቃ ለጊፋታ አብረው እንደሚሄዱ ነገረችው። እሱ ግን አልተኛም። ለእናቱ የሚገዛውን ነጠላ ጥለት በቀለም በቀለም ሲያማርጥ ቆየ።

የቃል ፈተናው ቀን ሱሉልታ እንደ ልማዷ ትበርድ ነበር። አስፋልቱ ዳር ሯጮቹ እንፋሎት እየተነፈሱ ያልፋሉ፤ እጩዎቹ ኮሪደሩ ላይ እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ከኤልቃና በፊት የገባው አብዱሰመድ የሚባል የቡራዩ ልጅ እየሳቀ ወጣ።

«አጎቴ ጋ አስደወሉኝ» አለ። «‹ስሞት ብሩን የሚበላው ማን ነው፣ አንተ?› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

ኤልቃና ሲገባ ከጠረጴዛው ጀርባ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አቶ የሺጥላና የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጂጂ፣ ሱሉልታ ከገበሬ ቤት ተወልዳ ያደገች ሴት። አቶ የሺጥላ በዓለም ላይ እምቢ የማይለው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀው።

«እናቴ» አለ ኤልቃና ሳያስብ።

«በል ደውልና ሽጥላት። ድምፁን ክፈተው፣ እንስማ።»

ጂጂ እናቱ አማርኛ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ከወላይትኛ በቀር አትችልም አላት። አቶ የሺጥላ ችግር የለም፣ ቋንቋው ባይገባኝም ዜማው ይበቃኛል አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኤልቃና ነገሩ ይሸተው ነበር። ያን ጊዜ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ስንት ወር የሸሸው ድምፅ፣ አሁን ለሥራ ተብሎ፣ በሕጋዊ መንገድ ሊሰማው ነው። ስልኩ ጠራ።

«ኤልቃና? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ቁጭ ብለሽ ነው?»

ከወዲያ የዶሮ ድምፅ ተሰማ።

«ቆሜ ነው» አለች።

«ቁጭ በይ እስቲ። ማን አለ አጠገብሽ? ጎረቤት ካለ ጥሪ።»

«ምነው ልጄ?» ድምፅዋ ቀጠነ።

ኤልቃና ይህን ጊዜ ማቆም ነበረበት። ጂጂ በእጅዋ እርሳስ ይዛ ታየዋለች፤ አቶ የሺጥላ ቀጥል እያለ ራሱን ይነቀንቃል። የሚናፍቀው ነጠላ፣ የሚናፍቀው በር፣ ሁሉም ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጀርባ ቆሟል።

«የሰው ልጅ ነገ የሚሆነውን አያውቅም እማዬ። ሁሉም በጌታ እጅ ነው። አሁን ለምሳሌ ደስታነሽ…»

«ልጄን!» አለች እናቱ።

ስልኩ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ከወዲያና ከወዲህ የሚሮጡ የሴቶች ድምፆች። ስንት ወር ያልደወለ ልጅ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ደውሎ፣ ቁጭ በይ፣ ሰው ጥሪ፣ ሁሉም በጌታ እጅ ነው ካለ በኋላ የእህቱን ስም ሲጠራ፣ ምን ሊላት ነው? መርዶ እንጂ። በአማርኛ ኮት ለብሶ የነበረው ቃል በእናቱ ቋንቋ ራቁቱን ቆመ፤ ኤልቃና ራሱም ያን ጊዜ ነው የሰማው። «አልሞተችም! እማዬ፣ ደህና ናት!» ብሎ ጮኸ። ግን ስልኩን የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ ቀጥሎም ተቋረጠ። ደግሞ ቢደውል አይሠራም።

አቶ የሺጥላ ተደላድሎ ተቀመጠ። ተስማማች ወይ ብሎ ጠየቀ።

«እህቴ የሞተች መስሏት ነው» አለ ኤልቃና። «መርዶ መስሏት ነው።»

አቶ የሺጥላ ወደ ጂጂ ዞረና፣ «ስሜት መቀስቀስ ማለት ይሄ ነው» አላት። «ቢቻል ትንሽ መግራት ነው እንጂ፣ ይሄን ልጅ መልቀቅ የለብንም።» ከዚያ ለኤልቃና ተቀጥረሃል አለው። ሥልጠናው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚሁ ይጀመራል፤ ያልተገኘ እንደተወው ይቆጠራል።

ተቀጥረሃል። ስንት ዓመት የጠበቃት ቃል እንዲህ ባለ ቀን መጣች።

ጂጂ እርሳሷን አስቀምጣ ተነሣች። «ሰው እያለቀሰ ነው አቶ የሺጥላ» አለች። በሩንም ለኤልቃና ከፈተችለትና «ዴሚ» አለችው በራሷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፤ ወዲያው በአማርኛ ደገመችው። «ሂድ። እኛም ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም።»

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ፤ በየሚኒባሱ ውስጥ እየደወለ ሄደ። የደስታነሽ ስልክ ዝግ ነው። ፋብሪካው የሠራተኛውን ስልክ በር ላይ ይቀበላል፤ ሰው ክር ብቻ እንዲያይ። እናቱ በዚህ ሰዓት ልጅዋ ጋ ደውላ «ጥሪ አይቀበልም» ስትባል ታየው። የሰፈራቸውን ወንጌላዊ አጵሎስን በስንት መከራ አገኛቸውና ደስታነሽ በሕይወት እንዳለች ማለላቸው። ወንጌላዊው ሽማግሌ ናቸው፤ ታገሡት።

«ልጄ» አሉት፣ «ሁሉም መጀመሪያ ‹ትንሽ አሟት ነው፣ ደህና ናት› ነው የሚለው። እኔም ስንቱን እንዲህ እያልኩ ነው ያረዳሁት። ድንኳኑ ተተክሏል። ሬሳው መቼ ይደርሳል እያሉ ነው።»

ደስታነሽ ከፋብሪካው በር ስትወጣ ጠጉሯ ላይ ጥጥ ነበር። ሲነግራት አጥሩን ተደግፋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቅዋ መሐል እናቷ ትዝ አለቻትና አለቀሰች። ወንጌላዊው በስልካቸው ከእናቷ ጋር አገናኟት። እናቷ ረጅም ጊዜ አደመጠቻት፤ በመጨረሻ፣ «ድምፅሽ ነው። ደስታነሽ ከሆንሽ ግን ነይ» አለቻት።

«እሄዳለሁ» አለች ደስታነሽ ለኤልቃና። «የራሴን ለቅሶ ልድረስ።»

ያን ጊዜ መቀጠሩን ነገራት። እጁን ያዘችው። የሞትኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ፣ አንተ ሥራህን ያዝ አለችው። የሚመጣው ጊፋታ ነጠላህን ይዘህ ትገባለህ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አለም ገና መገንጠያው ላይ ቆመው ነበር። እሷን አሳፍሮ እሱ ወደ ሱሉልታ ሊቀጥል፣ ልብሱን ለብሷል፣ ማስረጃውን ይዟል። ረዳቱ «ሆሳዕና፣ አረካ፣ ሶዶ» ይላል። ደስታነሽ ገብታ በመስኮቱ አየችው። ኤልቃና ዛሬ ለሌላ ሰው እናት እንዴት እንደሚደውል ማሰብ ጀመረ። በሐሳቡ ስልኩን አነሣ፣ ሰላምታውን ሰጠ፣ እናትየዋ ማነህ አለችው። ቁጭ ብለሽ ነው ከሚለው ማለፍ አቃተው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው፤ እዚያው ቃል ላይ ቆመ። በሰው ሁሉ በር እየቆሙ እንዲህ እያሉ መኖር ነው እንግዲህ ቅጥር ማለት? የሚመጣው ዓመት ነጠላ በዚህ ቃል የሚገዛ ነጠላ ነው። እናቱ ትለብሰዋለች፤ ሳታውቅ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሮጦ የበሩን ብረት ያዘ። ረዳቱ እየተራገመ ጎትቶ አስገባው።

በቀዩ አፈር መንገድ ሲደርሱ ድንኳኑ ከሩቅ ታየ። ደስታነሽን ያዩ ሴቶች ጩኸታቸው መሐል ላይ ተቆርጦ ሌላ ሆኖ ቀጠለ። እናቷ ፊቷን፣ ጥርሷን፣ ጥጥ የቀረበትን ጠጉሯን ዳሰሰች። ኤልቃና ከኋላ ቆሞ ነበር። የፈራው ዝምታ አልነበረም፤ በዝማሬ የሸኘው ሰፈር በለቅሶ ተቀበለው። እናቱ ወደ እሱ መጣችና በጥፊ መታችው። ከዚያ እጅጌውን ያዘች፤ ሰው እየመጣ ሲስመው፣ ሲቆጣው፣ ሲስቅበት ሁሉ አልለቀቀችውም።

«ስታስቀምጠኝ ምን ልትለኝ ነበር?» አለችው፣ ድንኳኑ ትንሽ ጭር ሲል።

«ሥራ ነበር እማዬ።»

«አሁንስ?»

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ሥልጠናው የሚጀመርበት ሁለት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

«አሁን የለም።»

ወደ እጆቹ አላየችም። የለቅሶውን አግዳሚ ወንበር በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችለት።

«እንግዲያው ቁጭ በል» አለችው። «ጊፋታ ደርሷል።»