የነጎድጓድ ከዘራ

ጥፊው ሲያርፍባት ምራትየዋ ሕፃኑን አልለቀቀችም። የባሏ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በአንድ እጇ የልጁን ፎጣ እየጎተተች በሌላው ደገመቻት። የሻይ ብርጭቆዎቹ ከነትሪያቸው ወለሉ ላይ ተከሰከሱ።

አማቷ ከሞቱ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ ሹክሹክታው ሁለት ነበር። አንዱ ስለ ሟቹ ነው፦ ነጎድጓድ የሚባሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከዘራቸውን ያልቀመሰ የሰፈር ሰው የለም። ለቀስተኛው ለሞተ ሰው ክፉ አይወራም እያለ አንድም ሳያስቀር አወራው። ሌላው ስለ እሷ ነው፦ ከወለደች ሦስት ወሯ፣ አእምሮዋን ነክቷታል። ሰፊዋ ለቅሶው ሲያበቃ ልጁን ልትወስድ ቆርጣለች። ባልየው እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ዝም። ልጇን ከወሰዱባት እሷ ምን ሊተርፋት?

ይህን እያሰበች ሳለ ነው ያ ነገር የመጣባት። ልቧ ደረቷን ደበደበው፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ አየር አጠራት። ሰፊዋ ሕፃኑን ልትጥለው ነው ብላ የዘለለችባት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የመጣባት በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ነበር። የምትሞት መስሏት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ነጎድጓድ በሩን በመጥረቢያ ፈለጡት። አለቀልኝ ብላ ስትጠብቅ መጥረቢያውን ወርውረው አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ የድንጋጤ ሕመም ነው፣ አንዳንድ ሴቶችን ከወሊድ በኋላ ይይዛል፣ ወጥቶ ይወርዳል እንጂ አይገድልም፣ ሕክምናም አለው ስትል ከእሷ ይልቅ ሽማግሌው ጆሯቸውን ቀስረው ሰሙ።

ቤት ደርሰው መኪናው እንደቆመ ተናገሩ። ድሮ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተበጥሶባቸው ጎናቸው የተቀመጠው ወንድማቸው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ይኸው ነገር እሳቸውም ላይ ይመጣል።

«የፈሪ ዱላ ሲባል ሰምተሻል? እሱ የእኔ ነው። ሲመጣብኝ ያገኘሁትን እመታ ነበር፤ ፈሪ ከምባል ክፉ ልባል ብዬ። አንቺ እንደኔ አትሁኚ። ፍሬን እንቢ ሲል መሪ አይለቀቅም፣ ልጄ። ማርሽ ነው የሚቀነሰው። በየማርሹ አንድ ረጅም ትንፋሽ አውጪ።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ማርሹን ግራ ቀኝ ነቅነቅ አድርገው፣ ፍሪ መሆኑን፣ ማርሽ አለመግባቱን አረጋግጠው፣ ሞተሩን አጠፉ።

አሁን ምራትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ስብርባሪው መሃል ቁጭ አለች። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ጥግ የቆመውን ከዘራ ሳበች። ልትፈነክተን ነው ብለው ለቀስተኞቹ ወንበር እየገለበጡ ሸሹ። እሷ ግን ከዘራውን ወለሉ ላይ ተክላ እጀታውን ጨበጠች።

«አልጥለውም። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።»

ሰፊዋ እጇን እንደገና አነሳች። ያ ዝምተኛ ባል የእጇን አንጓ ጭምድድ አድርጎ ያዘና ጠመዘዘው።

«ተያት። አባዬ ነው ያስተማራት፣ ነግራኛለች። ልጁ የትም አይሄድም።»

አራተኛ ማርሽ። ከዘራውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ሦስተኛ። የተሰነጠቀው ከንፈሯ ፎጣው ላይ ይደማል። ሁለተኛ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ልቧ እሺ አላለም። ደገመችው። አንደኛ።

ሕፃኑ ጡጫውን እየጠባ ነበር። ሰፊዋ አንጓዋን እያሸች ታያታለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንቢ ያላት እንባ አሁን መጣ። ምራትየዋ ከዘራውን ግራ ቀኝ ነቅነቅ አደረገችና ለቀቀችው።