ስም የተጻፈባቸው ቁልፎች

ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። ከሃያ ዓመት በፊት በግሉ ለምርጫ ተወዳድሮ ዘጠኝ ድምፅ ስላገኘ፣ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውም ሕፃኑም «ዘጠኙ» ነው የሚለው። ራሱን፣ ሚስቱን፣ እህቱን እያለ ቢቆጥር ስምንቱን ያውቃቸዋል። ዘጠነኛውን ግን እስከ ዛሬ አያውቀውም። ያን ጊዜ «ድምፄን ለአንተ ነው የሰጠሁት» ብሎ እጁን የጨበጠው ሰው ከአርባ ይበልጣል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ እንጂ አንዱንም ፊት አልረሳም።

በየአምስት ዓመቱ ተወዳደረ፤ በየአምስት ዓመቱ ተሳቀበት። ዘንድሮ ነገሩ ተገለበጠ። ገበያው ሊፈርስ ነው ስለተባለ ሰፈሩ ተቆጥቶ የድጋፍ ፊርማውን በአንድ ሳምንት ሞላለት። የቀረው ወረቀቱን ይዞ ምርጫ ጽሕፈት ቤት መሄድ ብቻ ነው። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ረፋድ ላይ ኮቱን ለብሶ የቁልፍ መቅረጫ ሱቁን ሊዘጋ ሲል አንድ ሰው ገባ። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለዘበ ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ይቅረጹልኝ። አንድ ብቻ።»

ዘጠኙ ቁልፉን ማሽኑ ላይ አሰረና እጁ ቀጥ አለ። ሦስተኛዋ ጥርስ በሞረድ ተበልታለች። ጓጉንቸሩ አሮጌ ስለሆነ እሱ ራሱ በእጁ የሞረዳት ናት። የገዛ ቤቱ ቁልፍ ነው።

«የማን... የማን ቤት ነው?»

«ባለሙያ አይደሉ እንዴ? ያውቁታል ብለን እኮ ነው ወደ እርስዎ ያመጣነው።» ሰውየው ሰዓቱን አየ። «አልቸኩልም፤ ከአሥራ አንድ በኋላ እመለሳለሁ። ዛሬ ከሱቅዎ ባይርቁ ጥሩ ነው። ፀሐዩ ይከብዳል።»

ፈገግ ብሎ ወጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ዘጠኙ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«የቤት ቁልፍሽ አለ?»

«ምን ያስጮህሃል አንተ ሰው? ይኸው በእጄ ነው። ተመዘገብክ ወይስ ዛሬም ለጫማ ሰፊው ንግግር እያደረግህ ነው?»

«እስክመጣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ። ለምን አትበይኝ።»

የእሷ አለ። የራሱ ኪሱ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ከሁለተኛው ምርጫ በኋላ ነው የሰቀለው። ቁልፍ የጠፋበት ጎረቤት ደጅ እንዳይቀር ብሎ ከየቤቱ አንዳንድ ቁልፍ በነፃ ቀርጾ ያስቀምጣል። ድምፁን የነፈገው ሁሉ ቁልፉን አልነፈገውም። እንዳይምታታበት በየቁልፉ ካርቶን አስሮ የባለቤቱን ስም ጽፎበታል፤ ያውም በትልልቁ። አርባ ሦስት ምስማር ነው። የመጀመሪያው፣ «የራሴ» የሚለው፣ ባዶውን ቀርቷል።

የቀሩትን ቆጠረ። ሌሎቹ አርባ ሁለቱ አሉ፤ ግን የእሱን የወሰደ እጅ የእነሱንም ወስዶ፣ አስቀርጾ፣ መልሶ ሰቅሎ ቢሆንስ? ካርቶኑ ላይ ያሉት ስሞች ኪሱ ውስጥ ባለው የድጋፍ ወረቀት ላይም አሉ። የፈረመለትን ሰው ስም ከቤቱ ቁልፍ ጋር አሰናድቶ ያስቀመጠው ሌላ ማንም አይደለም።

ፊርማ ሲለቅም የሰነበተባቸውን ቀናት የሱቁን ቁልፍ ይዞ የጠበቀለት ደጃፉ ላይ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ነው። ወጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ማን ነው የገባው?»

ጫማ ሰፊው ወስፌውን ቆዳው ላይ ሰካ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ ቀና ሳይል። «ሰዎች መጥተው የልጄን ትምህርት ቤት ነገሩኝ። የምትቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር ነገሩኝ። ፈሪ ለእናቱ ነው ይላሉ፤ እኔ ለልጄ ሆንኩ።»

«ስንት ሰጠሃቸው?»

«የአንተን ብቻ። እምልልሃለሁ።»

«ትናንትም ብጠይቅህ ትምል ነበር።»

«ሌሎቹን ስጠኝና በየቤቱ ላድርስ። አንተ ሂድ ተመዝገብ፤ ትደርሳለህ።»

ዘጠኙ አየው። አሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁልፎቹን ለሰፈሩ ያድላል ወይስ ለባለ ሸሚዙ? ሃያ ዓመት «እመኑኝ» ሲል የኖረ ሰው አንድ ሰው ማመን አቃተው። ሰሌዳውን ከረጢት ውስጥ አራግፎ የቤቱን ቁልፍ ማሽኑ ላይ እንደታሰረ፣ ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ ሄደ።

መጀመሪያ የከፈቱለት ጡረታ የወጡት መምህርት ናቸው።

«የእኛ ተመራጭ! ፊርማዬን አጠፋኸው እንዴ?»

«ቁልፍዎን አምጥቼ ነው። ግን እሱ አይበቃም፤ ጓጉንቸሩን ዛሬውኑ ያስቀይሩ። ሰው ሳይነካው አልቀረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መምህርቷ ቁልፍ የሞላውን ከረጢት አዩ። «እኔ ከውስጥ መወርወሪያ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ለራስህ እዘን።»

ሁሉም እንደሳቸው አልሆነም። ሥጋ ሻጩ «ቤቴን ምስማር ላይ ሰቅለህ ነው የከረምከው?» ብሎ ቁልፉን ነጠቀው። አንዱ ሳቀ፤ «ይሄም ቅስቀሳ ነው?» አንዲት እመጫት ቁልፏን ተቀብላ በሩን ዘጋችበት። ዘጠኙ በየመታጠፊያው ወደ ኋላው ይገላመጣል። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሁሉ ያንን ሰውዬ ይመስለዋል።

አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። አሥራ አራት ቁልፍ ይቀረዋል።

«ዘጠኙ!» አለ ዘበኛው። «ና እንጂ፣ ሊዘጋ ነው!»

አንድ እጁ የደረት ኪሱ ላይ፣ አንድ እጁ ከረጢቱ ላይ ሆኖ ቆመ። ከዚያ አለፈ። እግሩ ከዚያ በር የራቀው ለሰው አዝኖ ይሁን ፈርቶ፣ እሱም አልለየውም። ሦስት ቤት እንዳዳረሰ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ሬዲዮው አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን ተናገረ።

ቁልፎቹን ጨርሶ ሲመለስ ጫማ ሰፊው ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ አገኘው።

«መጣ» አለው።

«እና ወሰደው?»

ጫማ ሰፊው በአገጩ ወደ ውስጥ ጠቆመ። ባዶው ሰሌዳ ላይ፣ የመጀመሪያው ምስማር ላይ፣ የቤቱ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ቅጂው ይቅር አለ። ‹እዚሁ ይቀመጥ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያስፈልገን ይሆናል።›»

ዘጠኙ ቁልፉን አልነካውም። ከመደርደሪያው ሁለት አዳዲስ ጓጉንቸር ሲያወርድ ብሎኖቹ ከእጁ አምልጠው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጫማ ሰፊው ተንበርክኮ አንድ በአንድ ለቀመለት። ዘጠኙ መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለው። ብሎኖቹ ካለቁ በኋላም መዳፉን አልሰበሰበም።

«የሱቄንም ቁልፍ» አለው።