የተንጋደደው ሰርከስ

ቬራ ኮቫርዚክና ኦርቪል ታነር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም እየተከፈለበት ኳስ የሚመታበት አንድ የፒንቦል መጫወቻ ማሽን ሲሠሩ አሥራ አንድ ወር አለፋቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደ ሰው «ደህና አደርሽ፣ ደህና አደርክ» የተባባሉት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንደኛውም ኦርቪል ሌላ ሰው የገባ መስሎት በስህተት ነበር። ቬራ ጠረጴዛው መሃል ላይ በጠመኔ መስመር አስምራለች። ኦርቪል ደግሞ የሲጋራ መተርኮሻውን ሆን ብሎ ከመስመሩ አሳልፎ በእሷ በኩል ያስቀምጣል።

ጠባቸው የጣት ርዝመት ባላት ሴትዮና ጡጫ በሚያክል ዝሆን ምክንያት ነው። ማሽኑ ሰርከስ ነበር። መስታወቱ ስር ያለው ሜዳ ቀይና ቢጫ መድረክ ነው። ከታች ኳሷን እየመቱ የሚመልሱት ሁለት ክንፎች የቀልደኛ ጫማ ተስሎባቸዋል። በግራና በቀኝ ጠርዝ በኩል አፋቸውን የከፈቱ ሁለት አንበሶች አሉ፤ እነሱ አፍ የገባች ኳስ አትመለስም። መሃል ላይ የኦርቪል ዝሆን ቆሟል። ኳሷ ዳገቱን ወጥታ እግሩ ስር ከደረሰች በኩምቢው ያነሳትና ጀርባው ላይ ያስቀምጣታል፤ ደወሉም ያብዳል። ከዝሆኑ በላይ ዥዋዥዌ ላይ በጉልበቷ የተንጠለጠለችው የቬራ ሴትዮ ናት። መዳፎቿ ውስጥ ማግኔት አለ። ኳሷ በግራ በኩል ስትደርስላት ትይዛትና መድረኩን በአየር አቋርጣ በቀኝ ካለው ማማ ላይ ታሳርፋታለች።

የፋብሪካው ኃላፊ ሚስተር ሃኒገን ሁለቱንም አየና፣ «ለሁለት ተንቀሳቃሽ ቦታ የለኝም። አንዱ ይቀራል፤ የቱ እንደሆነ ሙከራው ይነግረናል» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

ቬራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽቦ ክፍል ውስጥ ስትበይድ ኖራ፣ ጣቶቿ በቃጠሎ ነቁጥ ተሞልተው፣ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ወደ ንድፍ ክፍል የተሻገረች ናት። ሴትዮዋ ማሽኑ ላይ ከቀረች ቬራም እዚያው ትቀራለች፤ የሚቀጥለውም ማሽን የራሷ ይሆናል። ሴትዮዋ ከወጣች ግን ቬራ ሰኞ ጠዋት ሽቦ ክፍል ናት። ይህን ሃኒገን ፊት ለፊት ነግሯታል። ኦርቪልም ቢሆን ጭንቅ ላይ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ማሽኖቹ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ቀርተዋል። ቢሆንም ለኦርቪል የሚያዝን አንጀት ቬራ ዘንድ አልነበረም።

ሙከራው ለሐሙስ ተቆረጠ፤ ቦታው በርዊን ከተማ፣ ሰርማክ መንገድ ላይ ያለ የቦውሊንግ አዳራሽ ነው። የሙከራ ሕግ አንድ ነው፦ ሠሪ ማሽኑን አይነካም፣ የኔ ነውም አይልም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጥግ ይዞ ቢራውን እየጠጣ ያያል። ሃኒገንም ይቀመጣል፤ እሱ ግን የሚያየው ማሽኑን ሳይሆን የተጫዋቹን እጅ ነው። የመጨረሻዋ ኳስ ስትጠፋ እጁ ለሌላ ሳንቲም ወደ ኪሱ ይገባል ወይስ ሊሄድ ካፖርቱን ያነሳል? ፍርዱ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት ቬራ በኋላ በር ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ የብሎን መፍቻ ኪያቤ ነበር። የማሽኑን ጀርባ በትከሻዋ ከፍ አድርጋ ከስሩ የቢራ ሳጥን አስገባችና የሁለቱን የኋላ እግሮች ብሎን ሦስት ሦስት ዙር አስረዘመች። ፋብሪካ ውስጥ ኦርቪል ምሳ ሲወጣ ደጋግማ ሞክራዋለች፤ በሦስት ዙር ሜዳው ሽቅብ ይቆማል፣ ኳሷ የዝሆኑን ዳገት ግማሽ ወጥታ ትመለሳለች፣ የሷ ሴትዮ ግን ምንም አትሆንም። ውሃ ልክ አልያዘችም። በነሱ ሙያ ውሃ ልክ የሚይዝ ይሳቅበታል፤ ሁሉም በዓይኔ እመዝናለሁ ባይ ነው። እሷም በዓይኗ አየችና ልክ ነው አለች። እጇን ጠርጋ ወጣች፤ እውነት ለመናገር ቅንጣት ታህል አላፈረችም።

ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱም ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የቆመችው ዶሎረስ ፕሩዊት ናት፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቿ ጋር ቦውሊንግ የምትጫወት፣ የደንብ ልብሷን እንኳ ያልቀየረች ግዙፍ ሴት። ኳሷን በማስፈንጠሪያው ሞላ ገፋቻት። ኳሷ ወጣች፣ ዳገቱን ጀመረች፣ መሃል ላይ ደከማት፣ ተመለሰችና በቀጥታ በግራው አንበሳ አፍ ገባች።

«ምን አባቱ! እጄን ሳላነሳ?» አለች ዶሎረስ።

ቬራ በሆዷ ሳቀች። ወደ ኦርቪልም ጠጋ ብላ፣ «ዝሆንህ ኳስ ሳያይ ሊያረጅ ነው» አለችው።

«ዝም ብለሽ የራስሽን ጠብቂ» አላት፤ ፊቱ ላይ ግን ያልጠበቀችው ፈገግታ ነበረበት።

ሁለተኛዋ ኳስም ግራ አንበሳ አፍ ገባች። ሦስተኛዋም። ዶሎረስ የማሽኑን ጎን በመዳፏ አጮለችው። «ይሄ ሰርከስ ነው የሰው መቅበሪያ? ቆይ አሳይሃለሁ!» እጇ ኪሷ ገባ። ሃኒገን ቢራውን ጎንጨት አለ።

አራተኛው ጨዋታ ላይ ነው ኳሷ በግራ በኩል ወደ ላይ ተወርውራ ከሴትዮዋ መዳፍ ላይ ጠቅ ያለችው። ዶሎረስ እጆቿን ከማሽኑ ላይ አነሳች። ከኋላዋ የቆሙት ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ሴትዮዋ ኳሷን ይዛ ተወዛወዘች፣ መድረኩን በአየር አቋረጠች፣ ማማው ጋ ደረሰች፤ ከዚያ አንድ ጣት ሲቀራት ቆመች። ኳሷ ከእጇ አምልጣ ወደቀችና እየተንከባለለች ወደ ግራው አንበሳ ሄደች።

«ወይኔ እህቴን!» ብላ ጮኸች ዶሎረስ። «ደርሳ ነበር እኮ!»

ቬራ ቢራዋን አስቀመጠች። ይህችን ሴትዮ ሺህ ጊዜ አወዛውዛታለች፤ አንድም ቀን አልጎደለባትም። የሚጎድልባት ማሽኑ በቀኝ በኩል ከፍ ካለ ብቻ ነው። ዓይኗን ወደ ታች ላከች። የቀኙ የፊት እግር ብሎን ከወትሮው ሁለት ጥርስ ወጥቶ፣ ቀለም ያልነካው ብረት ነጭ ሆኖ ያበራል።

ቀና ስትል ኦርቪል የኋላውን እግር ሲያይ አገኘችው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«አንተ ሌባ» አለችው በጥርሷ መሃል። «የቀኙን አንስተሃል።»

«ትናንት ማታ ሲራገፍ። ሁለቱንም የቀኝ እግሮች፣ ሁለት ሁለት ዙር። ያንቺን ሴትዮ ብቻ እንዲነካ ለክቼ ነበር» አለ በሹክሹክታ፣ ሳያፍር። «አንቺስ? የኋላውን ማን አቆመው፣ ንፋስ?»

«እግዜር ይይልህ!»

«አንቺንም ሳይረሳ።»

ተነስቶ ማስተካከል ማለት እኔ ነኝ ማለት ነው። ሃኒገን ደግሞ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ሁለቱም እዚያው ተጣብቀው ቀሩ፤ ወደ ኋላ የቆመ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ኳስ ሁሉ እንደ ጎርፍ ወደ አንድ አንበሳ የሚወርድበት የገዛ ልጃቸውን እያዩ። አንዱ በሌላው ላይ ያለው ጥላቻ ቢራውን እንኳ አመረረባቸው።

ሰው ግን እየበዛ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ስድስት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ይሳደባሉ፣ ጎኑን ይጠልዛሉ፣ ሲነቀንቁት መብራቱ ድርግም ብሎ ሲዘጋባቸው የሠሪውን እናት ይጠራሉ። አንዱ ዳቦ ውስጥ የተጠቀጠቀ ሥጋውን በአንድ እጁ እንደያዘ ተጫውቶ መረቁን መስታወቱ ላይ አንጠባጠበ። ዶሎረስ ከቦውሊንጉ እየተመላለሰች ስምንተኛ ጊዜዋ ነው። ካፖርቱን ያነሳ አንድም ሰው የለም።

ሰልፉ ለምሳ ሲበተን ሃኒገን ተነሳ። ከኪሱ ሜትር አወጣና፣ ያ ሁሉ ውፍረቱ እያስቃሰተው፣ ማሽኑ ስር ተንበረከከ። አራቱን እግሮች አንድ በአንድ ለካቸው። ልኩን በቢራው ማስቀመጫ ወረቀት ላይ ጻፈ።

«ማን እንደነካው አልጠይቅም» አለ ሲመለስ። «በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሠሪ እግር ሳይነካ ያለፈ ሙከራ አላየሁም። ማሽኑ በዚሁ ልክ ይሠራል። እንደተንጋደደ።»

«ዝሆኑስ?» አለ ኦርቪል።

«ይውጣ።»

ቬራን ደስታ ነዘራት። የቆየው ግን ዓይን እስኪርገበገብ ነው።

«ሴትዮዋም ትውጣ» አለ ሃኒገን።

«እንዴ! ማሽኑ ተንጋዶ እኮ ነው ያልደረሰችው! ቀጥ ብሎ ቢቆም ትደርስ ነበር!»

«አውቃለሁ፣ ትደርሳለች። ከደረሰችስ በኋላ?» ሃኒገን ካፖርቱን ለበሰ። «ሰዎቹን አየሽ? የሚመልሳቸው ዝሆን አይደለም፣ ሴትዮም አይደለች። ንዴት ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከናንተ ጠረጴዛ የወጣው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ቬራ፣ ሰኞ ሽቦ ክፍል። ኦርቪል፣ አንተ ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ኮምፔንሳቶ ቁረጥና ሂሳብህን ውሰድ።»

ወጣ። በሩ ቀዝቃዛ አየር አስገብቶ ተዘጋ። ቬራ ቦርሳዋን ከፍታ ኪያቤዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኦርቪልም ከጃኬቱ ኪስ የራሱን አወጣ።

«አንድ ጨዋታ» አለች። «ሴትዮዬ ስታሻግር ሰው ይይልኝ። ከዚያ ገደል ይግባ።»

«ዝሆኔም ሲያነሳ ሰው ይይልኝ» አለ።

እሷ የኋላውን ሦስት ዙር፣ እሱ የቀኙን ሁለት ዙር መለሱ። ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ ሁለቱ አብረው አንድ ሥራ ሲጨርሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ቬራ ዶሎረስን ጠራቻት።

«እህቴ፣ ነይ እስቲ አንዴ ሞክሪው።»

«ምን፣ ደሞ ሊገድለኝ?» አለች ዶሎረስ፤ መጣች ግን፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ኳሷ ወጣች። ዳገቱን ሽው ብላ ጨረሰች፤ ዝሆኑ በኩምቢው አንስቶ ጀርባው ላይ አስቀመጣት፣ ደወሉ አበደ። ኳሷ ተመለሰች፣ በጫማው ተመታች፣ በግራ ወጣች፣ ከሴትዮዋ መዳፍ ላይ ጠቅ አለች። ሴትዮዋ ተወዛወዘች፣ መድረኩን አቋረጠች፣ ማማው ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈቻት። ቬራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የለፋችው ይህችን ሴትዮ እንዲህ ስታሻግር ለማየት ነበር። ቆንጆ ነበረች፤ ከቆንጆም በላይ።

እንደገና ዝሆኑ አነሳ። እንደገና ሴትዮዋ አሻገረች። ኳሷ አልሞት አለች። ዶሎረስ ክንፎቹን በአንድ እጇ መምታት ጀመረች፤ ከዚያ ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች፤ ከዚያ አዛጋች።

«ምን አደረጋችሁት?» አለች።

«አስተካከልነው» አለች ቬራ።

«አበላሻችሁት።» ዶሎረስ እጆቿን ከማሽኑ ላይ አነሳች። «ቅድም ይጠላኝ ነበር። አሁን ምኑም አይደለሁም።»

«ኳሷ እኮ ገና አላለቀችም!»

«ለናንተ ትሁን» ብላ ካፖርቷን አነሳች።

ኳሷ ብቻዋን ተንከባላ፣ ማንም ሳይመታት፣ በሁለቱ ጫማዎች መሃል ጠፋች። መብራቱ ቀጣዩን ተጫዋች እየጠራ ብልጭ ድርግም ይላል። ቬራ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ኪያቤዋን አነሳች፣ ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞረች፣ ተንበረከከችና ሦስት ዙር መቁጠር ጀመረች። ኦርቪል በቀኝ በኩል ተንበርክኮ የራሱን እግሮች መልሶ ሁለት ሁለት ዙር እያስረዘመ ነበር።